ቀሚሱን አልብሳችሁ ቃሉን ለወሰዳችሁብን

ለተከበራችሁ የታሪካዊ ድራማ፣ ፊልምና ቴአትር ፕሮዲውሰሮች፣ ደራሲዎች፣ ዳይሬክተሮች፣ እንዲሁም የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የድራማ ክፍል ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልን።

ይሄን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የድሮ ዘመን ድራማ ላይ የምንሰራ ሴት ተዋንያንና የልብስ ክፍል ሰራተኞች ነን። አብዛኞቻችን ፒያሳና አራት ኪሎ ነው ያደግነው፣ የምንገናኘውም ድሮ ዶሮ ማነቂያ አንዲት ትንሽ ቡና ቤት ውስጥ ነበር፣ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ግን አንዴ አራት ኪሎ አንዴ ሀገር ፍቅር ጀርባ እየሆነ ቋሚ ቦታ እንኳን የለንም። ግን በተገናኘን ቁጥር ወሬያችን ዞሮ ዞሮ አንድ ጉዳይ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሴት ገጸ ባህሪ አስባ የምትወስንበት ሲን (ትዕይንት ማለት ነው) እየተቆረጠ ቀሚሷና ለቅሶዋ ብቻ መቅረቱ ላይ፣ እርስ በርስ አውርተን አውርተን ደከመን፣ ስለዚህ ዘንድሮ ለናንተው እንጻፍ ተባለ፣ እኔም እንድጽፍ ተመረጥኩ።

ነገሩን ያስነሳው ባለፈው ክረምት የተፈጠረ ነገር ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ተከታታይ ድራማ ላይ ዋናዋን ሴት እንድጫወት ተመርጬ ነበር። ገጸ ባህሪዋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረች፣ ባሏ ዘመቻ ሄዶ የቀረባት፣ እሱ ሲያስተዳድረው የነበረውን አገር እሷ ይዛ የቀረች የባላባት ሚስት ናት፣ ልብ ወለድ ናት እውነተኛ ሰው አይደለችም። ኦዲሽን ላይ የሰጡኝ ሲን የችሎት ሲን ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በርስት ተካሰው ይመጣሉ፣ እሷ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ትሰማለች፣ አንደኛው እንደዋሸ ከአነጋገሩ ትይዘዋለች፣ ከዛ ትፈርዳለች። እውነቴን ነው የምላችሁ ስራውን የተቀበልኩት ለዛች ሲን ስል ነው። ሶስት ሳምንት አጠናኋት፣ አያቴ ጋ ሄጄ የድሮ ሰው እንዴት እንደሚሟገት፣ በላ ልበልሃ ሲባል ድምጹ የት ጋ እንደሚነሳ የት ጋ እንደሚወርድ ጠየኳቸው፣ እሳቸውም በዛ እድሜያቸው ተነስተው ቆመው አሳዩኝ።

ቀረጻው ቀን ስደርስ ስክሪፕቱ ተቀይሮ ጠበቀኝ። ፍርዱን የሚሰጠው የባሏ ታናሽ ወንድም ሆኗል። እኔ መጋረጃ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። በምትኩ አዲስ ሲን ተጨምሮልኛል፣ ሹሩባ እየተሰራሁ ባሌን አስታውሼ አለቅሳለሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ ለምን ተቀየረ?" ብዬ ዳይሬክተሩን ጠየኩት።

"የኔ እህት፣ በዛን ዘመን ሴት ችሎት ተቀምጣ ስትፈርድ ብናሳይ ሰው አያምንም" አለኝ። በቃ። ሌላ ማብራሪያ የለም፣ መብራቱ ተዘጋጅቷል፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀኝ ነው፣ ገብቼ አለቀስኩ።

እኔ ብቻ ብሆን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ታሪኩን ለጓደኞቼ ስነግር ግን እያንዳንዷ የየራሷን አወጣች። አንዷ የምክር ቤት ሲን ነበራት፣ ጠጅ ወደ መቅዳት ተቀየረባት። ሌላዋ ለባሏ የመጣውን ደብዳቤ አንብባ ተንኮሉን የምትደርስበት እሷ ነበረች፣ ኋላ ቄሱ አንብበው የሚነግሯት ሆነ፣ ምክንያቱም ሴት ማንበብ ትችል ነበር ወይ ተባለ። የሁሉም መልስ አንድ ነው፣ ሰው አያምንም።

እሺ፣ ሰው የማያምነው የቱን ነው? እቴጌ መነን፣ የአጼ ኃይለ ሥላሴን ባለቤት ማለቴ አይደለም የራስ አሊን እናት ነው፣ በፈረንጆቹ 1847 ጦር አስከትተው ከካሳ ጋር፣ በኋላ አጼ ቴዎድሮስ ከሆኑት ሰው ጋር ማለት ነው፣ ገጥመው ቆስለው እስኪማረኩ ድረስ ተዋግተዋል። ርስትም ቢሆን ከእናትም ከአባትም ወገን ነበር የሚቆጠረው፣ ሴት ልጅ ትወርስ ነበር፣ ስለ መሬቷ ትሟገት ነበር፣ ስለዚህ ችሎት ፊት ሴት መታየቷ ብርቅ አልነበረም። ባሏ የሞተባት ሴት ደሞ ከማልቀስ ሌላ ምን ልታደርግ ትችላለች ለሚል ከበደች ሥዩም አሉ፣ የራስ ሥዩም መንገሻ ልጅ፣ ባለቤታቸው ደጃዝማች አበራ ካሳ በጣሊያን ከተገደሉ በኋላ ሀዘናቸውን ይዘው አርበኛ መርተው ተዋግተዋል። አላዘኑም ብሎ የሚያስብ የለም። ግን ካሜራው ሀዘኑ ላይ ብቻ ቢቆም ግማሹን ሰው ነው የምናጣው።

የእቴጌ ጣይቱ ነገር ደሞ ለብቻው ነው የሚያንገበግበኝ። የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ጉዳይ ሲነሳ የጣሊያኑን አንቶኔሊን ፊት ለፊት የተከራከሩት ሰው ናቸው። መቀሌ ላይ ምሽጉን በመድፍና በጥይት ብቻ መስበር እንዳስቸገረ ሲያዩ ውሃውን እንያዝባቸው ያሉት እሳቸው ናቸው፣ የጣሊያን ጦርም በጥም ነው ምሽጉን የለቀቀው። ይሄ እኮ ጭንቅላት ነው። አስቡት፣ ድንኳን ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው፣ ያለቀው ሰው ብዛት እየተነገረ፣ አንዲት ሴት ዝም ብላ ሰምታ ሰምታ ውሃውስ ከየት ነው የሚቀዱት ብላ ስትጠይቅ። ከዚህ የሚበልጥ ሲን ማን ሊጽፍ ይችላል? እስካሁን እቴጌን የተጫወቱ ጓደኞቻችን ግን የደረሳቸው ምን ነበር፣ ፈረስ ላይ መቀመጥ፣ ጎራዴ መምዘዝ፣ አንድ የጀግንነት ንግግር ማድረግ። ቆንጆ ናቸው፣ ፖስተር ላይ ይወጣሉ። ውሃዋን ሲን የተሰጠች ግን ከኛ ውስጥ አንድም የለችም።

እዚህ ጋ ስለ ጎራዴው ትንሽ ልበል። አሁን አሁን ጠንካራ ሴት ይኑረን ስትሉ ሴትየዋን ጎራዴ ታስይዟታላችሁ፣ ሶስት ወንድ በጥፊ ታስመቷታላችሁ፣ ከዛ ጠንካራ ሆነች ትላላችሁ። አንድ ስራ ላይ ጓደኛችን ሁለት ሳምንት ፈረስ ስትለማመድ ከርማ፣ እጇ ተላልጦ፣ በሙሉ ሲዝኑ ግን አንድም ቀን ገጸ ባህሪዋ ራሷ ያሰበችው ነገር አልነበረም፣ ሁሌ ሂጂ ሲሏት የምትሄድ ተዋጊ ናት። እኛ ጥፊ አልጠየቅንም። ጥንካሬ ማለት ለኛ መምረጥ ነው፣ መምረጥና በመረጡት ነገር መጠየቅ፣ ተሳስቶም ቢሆን። ጠንካራ ሴት ስህተት መስራት አለባት፣ ልትፈራ ትችላለች፣ ክፉም ልትሆን ትችላለች፣ ግን ታሪኩ እሷ በወሰነችው ነገር ምክንያት መዞር አለበት።

የልብሱን ነገር የልብስ ክፍል ጓደኞቻችን እንድጽፍ አደራ ብለውኛል። ለኔ ለዛ ድራማ ዘጠኝ ቀሚስ ነው የተሰፋልኝ፣ ሙሉ ጥልፍ፣ ካባው ሳይቆጠር፣ ድሪው ሳይቆጠር። ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄደው ጥበቡን በአይናቸው መርጠው የሚያመጡ፣ የየአገሩን አለባበስ የሚለዩ እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት አሉ፣ ስራቸውን ስለምንወድ ነው የምንናገረው። እሳቸው የዘመቻ ሲን ሲመጣ ቀሚሱን በሻይና በአመድ አርከስከስ አድርገው፣ ጫፉን ጭቃ አስነክተው ነበር ያዘጋጁት። አይሆንም ተባለ፣ ስፖንሰር አለ፣ ቀሚሱ ይታይ፣ ይብረቅ። እጥብ ተደርጎ ተተኮሰ። ወደ ዓድዋ የሄደው ሰራዊት እኮ ከአዲስ አበባ ጥቅምት ላይ ተነስቶ ውጊያው የካቲት 23፣ 1888 ነው የሆነው፣ አምስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ አምስት ወር በእግርና በበቅሎ የተጓዘች ሴት ቀሚሷ ዛሬ ከሱቅ የወጣ ሲመስል እኮ መንገዱን በሙሉ ነው የሰረዛችሁባት። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ጄን ኦስተን በ1813 ባሳተመችው ኩራትና ጭፍን ጥላቻ ውስጥ ዋናዋ ልጅ ኤልዛቤት የታመመች እህቷን ለማየት ሶስት ማይል በጭቃ ውስጥ በእግሯ ትሄዳለች፣ ስትደርስ የቤቱ ሴቶች የቀሚሷን ጭቃ አይተው ያሟታል፣ አንባቢ ግን ልጅቷን የሚወዳት እዛው ጭቃው ላይ ነው። ጭቃው ልቧን ነው የሚናገረው። የኛ እትዬም አመዱን ሲነሰንሱ ይሄንኑ ነበር የፈለጉት፣ ማንም አልጠየቃቸውም እንጂ።

ድራማ ወደምትሰሩባቸው መጽሐፎች ልለፍ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ መጽሐፉ ራሱ እንደዛ ነው ትሉናላችሁ። አይደለም። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በፈረንጆች 1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ ዋና ገጸ ባህሪዋ ጦቢያ ናት፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ አገር ለአገር የምትዞር ልጅ። ልቦለዳችን ሀ ብሎ ሲጀምር መንገድ ላይ ያለች ሴት ይዞ ነው የጀመረው ማለት ነው። መጨረሻዋ ከንጉስ ጋር ሰርግ ነው፣ ያንን አልክድም፣ ሰርግ ላይ ደርሶ ማቆም የድሮ ልቦለድ ሁሉ ልማድ ነው። ግን ሰርጉ ጋ እስክትደርስ ድረስ ስንት ነገር ታደርጋለች።

ሰብለ ወንጌል ደሞ አለች። እናቴ ፍቅር እስከ መቃብርን በወጋየሁ ንጋቱ ድምጽ በሬዲዮ ስትሰማ ስራ ሁሉ ትፈታ ነበር ትለኛለች፣ እና እስከ ዛሬ የምታወራልኝ ክፍል ሰብለ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ሹልክ ብላ የወጣችበትን ነው። የፊታውራሪ ልጅ፣ ከቤት ወጥታ የማታውቅ፣ ብቻዋን። እኔ በአንድ የመድረክ ዝግጅት ላይ ሰብለን ስጫወት ግን የማልቀሱ ክፍል ረዝሞ፣ የፍቅሩ ክፍል ረዝሞ፣ የመውጣቷ ነገር በአንድ ተራኪ በሁለት አረፍተ ነገር ተነግሮ አለፈ። መብራት ጠፍቶ ሲበራ መነኩሴ ሆኛለሁ። የወሰነችበት ሌሊት የለም!

መጨረሻዋ ገዳምና መቃብር ነው፣ አውቃለሁ። ሀዲስ አለማየሁ ግን ያንን የጻፉት ሴት ልጅ ቀና ካለች ትቀጣ ብለው አይደለም፣ በዘር ቆጠራና በኩራት ልጆቹን የሚበላውን ስርአት ሊከሱበት ነው፣ የሰብለ ሞት ክስ ነው። እናንተ የምታደርጉት ክሱን ትታችሁ ሞቱን ብቻ መውሰድ ነው። ለዛ ነው በየድራማው ትንሽ ቀና ያለች ሴት ሁሉ ወይ የምትሞተው፣ ወይ የምትመነኩሰው፣ ወይ የምታብደው፣ ወይ መጨረሻ ላይ ተንበርክካ ይቅርታ የምትጠይቀው። ማን እንደገደላት፣ ለምን እንደገደላት ካልተነገረ ተመልካቹ ቤቱ ተቀምጦ "አርፋ ብትቀመጥ ኖሮ" ነው የሚለው፣ እኔ ጎረቤቶቼ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይሄ ችግር የኛ ብቻ እንዳልሆነም እናውቃለን። የእንግሊዛዊቷ ሻርሎት ብሮንቴ ልብ ወለድ ጄን ኤር በ1847 በወንድ በሚመስል የብዕር ስም ነው የታተመው። ጄን የምትወደው ሰውዬ ሚስት እንዳለው ስታውቅ እየወደደችው ጥላው ትወጣለች፣ ትራባለች፣ ደጅ ታድራለች፣ ከዛ አስተማሪ ትሆናለች፣ ውርስ ሲደርሳት ለአክስቷ ልጆች ታካፍላለች፣ ሌላ ሰው ላግባሽ ሲላት እምቢ ትላለች፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በራሷ ፈቃድ የምትመለሰው። በ1943 የተሰራው ፊልም ግን የአክስቷን ልጆች ቤት ታሪክ ጭራሽ አውጥቶታል። እና ምን ሆነ፣ የተመለሰችው ሴት ሌላ ሴት ሆነች፣ መሄጃ አጥታ የተመለሰች። የመቀስ ነገር እንደዚህ ነው፣ አንድ ሲን ስትቆርጡ የምትቆርጡት ደቂቃ ብቻ አይደለም።

ሰው አያምንም ላላችሁት ግን አንድ የማልረሳው መልስ አለኝ፣ እሱም የተገኘው እዚሁ ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ ማዕከላዊ እስር ቤት ውስጥ ነው። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ ታስሮ እያለ የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ ወደ አማርኛ መለሰው፣ ወረቀቶቹ በድብቅ ወጡ፣ በኋላም ነገም ሌላ ቀን ነው ተብሎ ታተመ። የዛ መጽሐፍ ዋና ገጸ ባህሪ ስካርሌት ናት፣ እልኸኛ፣ ራስ ወዳድ፣ ጦርነት ያራበውን ቤተሰቧን በገዛ እጇ ማሳ ላይ ሰርታ ያኖረች፣ በኋላም የጣውላ መሰንጠቂያ ገዝታ ከወንዶች ጋር የተፎካከረች ሴት። መጽሐፉ ባርነትን ያሳመረበት መንገድ ትክክል አይደለም፣ ጥቁር ሆኜ ሳነበው ያመኛል፣ ያንን ሳልናገር አላልፍም። ግን አስቡ፣ ነገ ምን እንደሚመጣበት የማያውቅ እስረኛ ያንን ሁሉ መከራ የከፈለው ለአንዲት እንቢ ባይ ሴት ታሪክ ነው። እና የኛ ተመልካች ሶፋ ላይ ሆኖ አንዲት ባላባት ችሎት ስትቀመጥ ማየት ያቅተዋል?

የእድሜን ነገር በአጭሩ። እቴጌ ጣይቱ ዓድዋ ሲዘምቱ አርባዎቹን የያዙ ሴት ነበሩ። ከኛ ውስጥ አርባ ያለፈች ተዋናይት የሚደርሳት ወይ መርዝ የምትቀምም አማት ወይ መነኩሲት ነው። ወንዶቹ በስልሳ አመታቸው ራስ እና ደጃዝማች ሆነው ይዘምታሉ።

እና ደግሞ ስንዱ ገብሩ። ጣሊያን አዚናራ ደሴት ወስዶ ያሰራቸው፣ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ ራሳቸው ደራሲ፣ በፈረንጆች 1957 ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት። ስራ ከጀመርኩ ጀምሮ የሳቸውን ታሪክ ኦዲሽን የተጠራንበት ቀን የለም፣ እኔም ጓደኞቼም። የንጉስ ሚስት ስላልሆኑ ይሆን? አላውቅም፣ ግን አንድ ቀን ብትጠሩን ከአራት ኪሎ በእግራችን ሮጠን እንመጣለን።

የምንጠይቃችሁ ይሄ ነው።

ባለፈው ክረምት የተቀረጸው ድራማ ሁለተኛ ሲዝን ገና አልተጀመረም፣ የችሎቱ ሲን ለባለቤቷ ይመለስ። በአዲስ መልክ መጻፍ ካለበት ይጻፍ፣ ግን የምትፈርደው እሷ ትሁን።

የዋና ሴት ገጸ ባህሪ ሲን ሲቀየር ቢያንስ ከቀረጻ አንድ ሳምንት በፊት በጽሁፍ ይነገረን፣ ምክንያቱም አብሮ ይጻፍልን። ያጠናነውን ቀረጻ ቦታ ላይ መብራት በርቶ አትንጠቁን።

በየስክሪፕቱ ጽሁፍ ቢያንስ አንዲት ሴት ደራሲ ትኑር፣ ታሪክ የሚያውቅ ሰውም ቀረጻው ካለቀ በኋላ ስህተት እንዲለቅም ሳይሆን ገና ሲጻፍ ይጠራ። በዛን ዘመን አይሆንም የሚባል ነገር ካለ እሱ ያሳየን፣ ካሳየን እንቀበላለን።

የልብስ ክፍል ሰራተኞች ቀሚሱ የት ጋ ማርጀት፣ የት ጋ መቆሸሽ እንዳለበት የመወሰን ስልጣን ይሰጣቸው፣ ከስፖንሰር ጋር ውል ስትዋዋሉም ይሄንን አስቀድማችሁ ንገሩት።

የቴሌቪዥን ጣቢያ ኃላፊዎች ደሞ ታሪካዊ ድራማ ይዞ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩልን፦ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሴትየዋ የምትወስነው ምንድነው? መልስ ከሌለው ሄዶ ጽፎ ይምጣ።

በአካል ልናነጋግራችሁ ዝግጁ ነን፣ ከመስከረም በፊት በሚመቻችሁ ቀን አራት ኪሎም ፒያሳም ብትጠሩን እንመጣለን፣ የተቆረጡትን ሲኖችም የመጀመሪያውን ስክሪፕት ይዘን ነው የምንመጣው፣ አስቀምጠናቸዋል።

ከአክብሮት ጋር

በታሪካዊ ድራማና ቴአትር ላይ የሚሰሩ ሴት ተዋንያንና የልብስ ክፍል ሰራተኞችን ወክላ፣
የችሎቱ ሲን የተቆረጠባት ተዋናይት
አራዳ፣ አዲስ አበባ